ስሙ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር ሴናተር የሆነው ሰው፦ የ1954ቱ የደቡብ ካሮላይና ምርጫ

ጥያቄው፦ «የምኖረው በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ነው። ዜግነት ከወሰድኩ ወዲህ ሰዎች ‹እዚህ አገር ወሳኙ ፕራይመሪው (የፓርቲው ቅድመ ምርጫ) ነው፤ ኖቬምበር ላይማ ያለቀ ነገር ነው› ይሉኛል። በዚህ ጨዋታ መሃል አንድ ሰው በ1954 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሳይታተም ሴናተር ሆኖ እንደተመረጠ ነገረኝ። ግዛቱ ያኔ የአንድ ፓርቲ ግዛት ከነበረ እንዲህ ያለ ፉክክር ከየት መጣ? እውነተኛ ምርጫስ ነበር? ጥቁሮቹስ የት ነበሩ?»

መልስ፦

የነገሩዎት እውነት ነው። ሰውየው ስትሮም ተርመንድ ይባላል። ይህንን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሁልጊዜም ተማሪዎቹን የሚይዛቸው «ስሙ ሳይኖር አሸነፈ» የሚለው ጉድ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«የአንድ ፓርቲ ግዛት» ሲባል ሌላ ፓርቲ በሕግ የተከለከለበት ማለት አይደለም። ሪፐብሊካን ፓርቲ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በስም ነበር። የሚመርጠው ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1936 ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከግዛቱ ድምፅ 98.6 ከመቶውን ወሰዱ። ይህ ቁጥር ከአምባገነን አገር የመጣ ይመስላል። ምክንያቱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ይጀምራል። ሪፐብሊካን የሊንከን ፓርቲ ነው፤ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ፓርቲም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት ውስጥ ጥቁር ተወካዮች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ነጮቹ ዴሞክራቶች በ1876 እና በ1877 ሥልጣኑን በማስፈራራትና በደም መለሱት። ከዚያ በኋላ ለነጭ መራጭ ዴሞክራት መሆን የፖለቲካ ምርጫ አልነበረም። ሲወለድ አብሮት የሚመጣ ነገር ሆነ።

ታዲያ ሁሉም ዴሞክራት ከሆነ ፉክክሩ የት ሄደ? ወደ ፓርቲው ውስጥ ገባ። ዕጩ የሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፕራይመሪው፣ ዋናው ምርጫ ሆነ። በበጋ ፕራይመሪውን ያሸነፈ ሰው በኖቬምበር ተፎካካሪ እንኳ አይገጥመውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። በ1950 ይኸው ተርመንድ፣ ያኔ የግዛቱ ገዥ ነበር፣ ሴናተር ኦሊን ጆንስተንን በፕራይመሪ ተፎካከረው። ትግሉ የከረረ ነበር። ከ340 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ጆንስተን 54 ለ46 ገደማ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር «ዋናው» ምርጫ ሲደረግ የመጣው ሰው 50 ሺህ ገደማ ነው። ሕዝቡ ሥራውን በጁላይ ጨርሶ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ‹ፕራይመሪው ነው ቁም ነገሩ› ያሉዎት ሰዎች ቢያንስ ስለዚያ ዘመን ልክ ናቸው።

ይህን ይያዙልኝና ወደ 1954 እንሂድ።

ሴናተሩ በርኔት ሜይባንክ ይባሉ ነበር። በዚያ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ያበቃል። በበጋው ፕራይመሪ ማንም ስላልተፎካከራቸው ዕጩነታቸው አልቋል፤ ኖቬምበርን መጠበቅ ብቻ ነበር የቀራቸው። ሴፕቴምበር 1 በድንገት ሞቱ። የፓርቲው ዕጩ ለምርጫ አስፈጻሚው የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ሴፕቴምበር 3 ነበር። የዴሞክራቲክ ፓርቲው የግዛት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ አስቸኳይ ፕራይመሪ ይጠራል፣ ወይ ራሱ ዕጩ ይሾማል። ቀብሩ ከተፈጸመ ሰዓታት ሳያልፉ ተሰበሰበ። ቅድመ ምርጫ ሳይደረግ ኤድጋር ብራውን ይቅረብ የሚለው 31 ለ18 በሆነ ድምፅ አለፈ።

ብራውን ማን ነው? ለሩብ ምዕተ ዓመት በግዛቱ ሴኔት የተቀመጠ፣ የበጀቱን ቁልፍ የያዘ ሰው ነው። ባርንዌል ከምትባል ትንሽ አውራጃ የመጣ ነው። የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሰለሞን ብላትም ከዚያችው አውራጃ ነበር። ሁለቱና ወዳጆቻቸው «የባርንዌል ቡድን» ይባሉ ነበር። ብራውንን ደግሞ ሰው «የባርንዌሉ ጳጳስ» ይለው ነበር። በዋሽንግተን ሴኔት ለመቀመጥ ከዚህ በፊት በ1926 እና በ1938 ሞክሮ አልተሳካለትም። ሁለቴ ሞክሮ ያላገኘውን የሴኔት ወንበር አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ 31 ሰዎች ሰጡት። ሕዝቡ ነገሩን ያየው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ለብራውን ፍትሐዊ መሆን አለብን። ኮሚቴው ሕግ አልጣሰም። ጊዜውም በእርግጥ አጭር ነበር። በቀሩት ሁለት ወራት ሙሉ ፕራይመሪ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። ብራውን ለፓርቲው ታማኝ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ በ1952 የግዛቱ ትልልቅ ሰዎች ወደ ሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ወደ አይዘንሃወር ሲያዘነብሉ እሱ ከዴሞክራቱ ዕጩ ጋር ቆሟል። በፓርቲ ሰው ዓይን ካየነው የሚገባው ሰው ነው።

ግን የሜይባንክ መቃብር አፈር ሳይደርቅ መደረጉ፣ በር ተዘግቶ መደረጉ፣ ከሁሉ በላይ ፕራይመሪው መዘለሉ ሰውን አስቆጣ። የጠቀስኩልዎትን የ1950 ቁጥሮች እዚህ ላይ ያስታውሱ። በዚያ ግዛት ፕራይመሪ ቀረ ማለት ምርጫ ቀረ ማለት ነው። በኖቬምበር ወረቀቱ ላይ የሚታተመው አንድ ስም ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የሾመው ዕጩ ብቻ ሳይሆን ሴናተሩን ነው። ጋዜጦች በርዕሰ አንቀጾቻቸው ጮኹ። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ።

ገዥው ጄምስ በርንስ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፉ ሰው አልነበሩም። ሴናተር ነበሩ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ በትሩማን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1952 አይዘንሃወርን የደገፉት «ትልልቅ ሰዎች» ስል ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። ከብራውን ጋር የሚያገናኛቸው ፍቅር አልነበረም። ክፍት የሆነውን ወንበር እስከ ምርጫው እንዲሸፍን የግሪንቪሉን የግንባታ ባለሀብት ቻርልስ ዳንኤልን ሾሙ። ለብራውን አለመስጠታቸው ራሱ መልእክት ነበር። ከዚያም ፕራይመሪ ይደረግ የሚለውን ጩኸት ተቀላቀሉ። ኮሚቴው አልበገርም ሲል ተርመንድን ደገፉ።

ተርመንድ ያኔ የ51 ዓመት ሰው ነው። የገዥነት ዘመኑ በ1951 መጀመሪያ ካበቃ በኋላ ኤይከን በምትባል ከተማ ጥብቅና ይሠራ ነበር። በ1946 ለገዥነት ሲወዳደር ዋና ዒላማው ይኸው የባርንዌል ቡድን ነበር። ስለዚህ ጠላቱም መፈክሩም ተዘጋጅተው ጠበቁት። በ1948 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ለጥቁሮች መብት እርምጃ መውሰድ ሲጀምሩ ከፓርቲው ወጥቶ የዘር መለያየትን የሚደግፍ የደቡብ ፓርቲ ዕጩ ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። አራት ግዛቶች አሸንፏል። በራሱ ግዛት 72 ከመቶ ገደማ አግኝቷል። በደቡብ ካሮላይና እሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አሠራሩ። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ውስጥ መራጩ በወረቀቱ ላይ ያልታተመ ሰው መምረጥ ከፈለገ ስሙን በእጁ ይጽፋል። ራይት-ኢን የሚሉት ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ልፋት ነው። አስቡት። የታተመውን ዕጩ ለመምረጥ ምልክት ማድረግ ይበቃል። የሌላውን ለመጻፍ ግን ቦታውን መፈለግ፣ እርሳስ መያዝ፣ ስሙን ማወቅ፣ ሰው እንዲያነበው አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። የሚቆጥረው ሰው ደግሞ የፓርቲው ሰው ሊሆን ይችላል። ፊደል ቢሳሳትስ? ይጣልበታል ወይ? የብራውን ሰዎች የተማመኑበት ይህንን ነው። መራጩ ተቆጥቶ ተቆጥቶ፣ ወረቀቱ ፊት ሲቆም ግን እንደ ልማዱ ምልክቱን አድርጎ ይወጣል ብለው አሰቡ።

አልሆነም። ተርመንድ ስሙ የታወቀ መሆኑ ረዳው። ጋዜጦቹ ደግሞ ስሙ የትና እንዴት እንደሚጻፍ በናሙና ወረቀት እያሳዩ ለአንባቢ አስተማሩ። እሱ ራሱም አንድ ብልህ ቃል ገባ፦ ‹አሁን ምረጡኝ፤ በ1956 ፕራይመሪ ሲመጣ ወንበሩን ለቅቄ እንደማንኛውም ሰው በፊታችሁ እወዳደራለሁ› አለ። የስድስት ዓመት ሥልጣን በሁለት ዓመት ገደበው። ይህ ቃል ዘመቻውን ከግል ምኞት አውጥቶ የመርህ ጉዳይ አስመሰለው። ጥያቄው «ተርመንድ ወይስ ብራውን» መሆኑ ቀረና «31 ሰዎች ወይስ ሕዝቡ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ብራውን ምን ይበል? የኮሚቴውን መብት ቢከላከል ሕዝቡን የናቀ ይመስላል። ዝም ቢል ጥፋቱን ያመነ ይመስላል።

ብራውን በዋናነት የመለሰው በፓርቲ ታማኝነት ነው። «ይህ ሰው በ1948 ከድቶናል፤ አሁንም ሪፐብሊካኖችን ይጠቅማል» የሚል ክርክር። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። በዋሽንግተን ሴኔት ያኔ ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ሁለት ወንበር የሚበላለጡ ነበሩ። ተርመንድ ግን ብመረጥ የምሰለፈው ከዴሞክራቶቹ ጋር ነው ብሎ አስቀድሞ ቃል ሰጠ። ከምርጫው በኋላ ሴኔቱ 48 ዴሞክራት፣ 47 ሪፐብሊካንና አንድ ገለልተኛ ሆነ። ከ48ቱ አንዱ ተርመንድ ነው። በጃንዋሪ 1955 የቴክሳሱ ሊንደን ጆንሰን የአብላጫው መሪ የሆነው በዚህ ቀጭን ልዩነት ነው። ይህን የማነሳው አንድ የግዛት ኮሚቴ የሠራው ስህተት እስከ ዋሽንግተን ድረስ ሊያንገጫግጭ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ኖቬምበር 2 ውጤቱ መጣ። ተርመንድ 143,444። ብራውን 83,525። ማርከስ ስቶን የሚባል ሦስተኛ ሰውም ነበር፤ እሱም በራይት-ኢን ሞክሮ 240 ድምፅ አገኘ። በመቶኛ 63 ለ37 ገደማ ማለት ነው። ከ143 ሺህ በላይ ሰው እርሳስ ይዞ ስም ጻፈ። በ1950 ኖቬምበር የመጣው መራጭ በሙሉ የዚህን ግማሽ እንኳ እንዳልሞላ ልብ ይበሉ። ዳንኤል ቀድሞ ወንበሩን ለቀቀለትና ተርመንድ በዲሴምበር 24 ሥራውን ጀመረ። ያ የአሥር ቀን ገደማ ቅድሚያ በሴኔት ውስጥ ከሌሎቹ አዲስ ገቢዎች በማዕረግ አስቀደመው።

«እውነተኛ ምርጫ ነበር?» ላሉት፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ካየን መልሴ አዎ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አልነበረም። የፓርቲው መዋቅር፣ ገንዘቡና የታተመው ስም ሁሉ በአንድ ወገን ነበሩ፤ ያ ወገን ተሸነፈ። ድምፁ ተቆጠረ፤ ውጤቱም ተከበረ። ሕዝብ በፓርቲ አለቆች ላይ ተነስቶ ያሸነፈበት ምርጫ በየቀኑ አይገኝም።

ግን የትኛው ሕዝብ? ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁለቱ ይበልጥ ይከብዳል።

በ1950 የግዛቱ ሕዝብ 2.1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከአሥሩ አራቱ ጥቁሮች ነበሩ። በ1900 ደግሞ ጥቁሮች አብላጫዎቹ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ከምርጫ ለማስወጣት ብዙ ጥበብ ፈሷል። በ1882 «የስምንቱ ሣጥን ሕግ» ወጣ። ለእያንዳንዱ ሥልጣን የተለየ ሣጥን ይቀመጣል። ወረቀቱን በተሳሳተ ሣጥን የከተተ ሰው ድምፁ ይጣላል። ማንበብ እንዳይማር በሕግ ተከልክሎ በባርነት ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይታይዎት። በ1895 ቤንጃሚን ቲልማን የመሩት ጉባኤ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ። የማንበብ ፈተና ወይም የ300 ዶላር ንብረት፣ ከምርጫው ስድስት ወር በፊት የሚከፈል የምርጫ ግብር፣ የሁለት ዓመት ነዋሪነት፤ ሁሉም ተደረደረ። በዚህ ሁሉ ያለፈ ጥቁር ቢገኝ እንኳ የሚደርሰው ኖቬምበር ላይ ነው። ኖቬምበር ደግሞ ባዶ ነው። ፕራይመሪው ለነጮች ብቻ ነበር።

በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳስ ጉዳይ «የነጮች ፕራይመሪ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ ወሰነ። ያኔ ደቡብ ካሮላይና ያደረገችውን ልብ ብለው ይስሙ። ገዥው፣ ቅድም የጠቀስኳቸው ኦሊን ጆንስተን ናቸው፣ ምክር ቤቱን በአስቸኳይ ጠሩ። ምክር ቤቱ ስለ ፕራይመሪ የሚናገሩ 150 ገደማ ሕጎችን በቀናት ውስጥ ሰረዘ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ፓርቲው የግል ማኅበር ነው፤ ፕራይመሪውም የማኅበርተኞች የውስጥ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት የለበትም፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ አያገባውም። ጆንስተን በዚያው ዓመት በፕራይመሪ አሸንፈው ሴናተር ሆኑ።

ጆርጅ ኤልሞር የሚባል የኮሎምቢያ ከተማ ነጋዴ ይህን ተቃውሞ ክስ አቀረበ። ጉዳዩ የቻርለስተኑ ተወላጅ ዳኛ ዌይቲስ ዌሪንግ ፊት ቀረበ። ዌሪንግ የድሮ የነጭ ባላባት ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በ1947 ለኤልሞር ፈረዱ። ደቡብ ካሮላይና ወደ ኅብረቱ፣ ማለትም ወደ ዩናይትድ ስቴትስ፣ የምትመለስበት ጊዜ ደርሷል ብለው ጻፉ። ፓርቲው አሁንም አላረፈም። ጥቁር መራጭ የዘር መለያየትን እደግፋለሁ ብሎ እንዲምል ጠየቀ። ዌሪንግ በ1948 ያንንም ሻሩት። በዚያ ኦገስት 35 ሺህ ገደማ ጥቁሮች በፕራይመሪው ድምፅ ሰጡ። የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ኤልሞር ማስፈራሪያ ዘነበበት፤ ንግዱንም አጣ። ዌሪንግን ከተማው አገለላቸው፤ በ1952 ጡረታ ወጥተው ኒው ዮርክ ገቡ።

እኔን የሚይዘኝ ነገር አለ ያልኩዎት ይህ ነው። በ1944 የግዛቱ መንግሥት «ፕራይመሪ የግል ማኅበር ጉዳይ ነው» አለ። በ1954 ኮሚቴው ፕራይመሪውን እንደ ግል ማኅበር ጉዳይ ሲይዘው ያው ግዛት «ፕራይመሪ የሕዝብ ቅዱስ መብት ነው» ብሎ ተነሳ። በመካከሉ ያለው አሥር ዓመት ብቻ ነው። ኮሚቴው የወሰደው ሥልጣን ከሰማይ አልወረደም። ጥቁሮችን ለማስወጣት ፓርቲውን ከሕግ በላይ ያደረገው የአስተሳሰብ ልማድ ነው በስተመጨረሻ ነጮቹንም የነካቸው። ነጩ መራጭ በ1954 የተሰማው ቁጣ ትክክለኛ ቁጣ ነበር። የመምረጥ መብቱን ተነጥቋል። ያንን ቁጣ ጎረቤቱ ጥቁር ገበሬ ለሁለት ትውልድ ተሸክሞት እንደኖረ ግን አላየም። ወይም አይቶ አለፈው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል።

በዘመቻው ውስጥ ስለ ዘር ክርክር ነበር ብለው ከጠበቁ አልነበረም። ሁለቱም የዘር መለያየት ደጋፊዎች ነበሩ። ምርጫው ከመደረጉ ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በሜይ 17፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሽሮ ነበር። ውሳኔው «የብራውን ጉዳይ» ይባላል፤ ከኤድጋር ብራውን ጋር ግንኙነት የለውም። ከተጣመሩት ክሶች አንዱ ግን የመጣው ከዚሁ ግዛት፣ ከክላረንደን አውራጃ፣ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚያደርስ አውቶቡስ ከጠየቁ ጥቁር ወላጆች ነው። ከሁለት ዕጩዎች አንዱ እንኳ ለእነዚያ ወላጆች የሚቆም አልነበረም። ስለዚህ መምረጥ የቻለው ጥቁር ዜጋም በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የራሱ ሰው አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርዎት። ተርመንድ ቃሉን ጠበቀ። በኤፕሪል 1956 ወንበሩን ለቀቀ። ያ ሁሉ ጩኸት የተጮኸለት ፕራይመሪ ሲመጣ የሚፎካከረው ሰው አልተገኘም። በኖቬምበርም ብቻውን ሮጦ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የደቡብ ተወካዮች የትምህርት ቤቱን ውሳኔ የተቃወሙበትን መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው እሱ ነው። በ1957 የሲቪል መብት ሕጉን ለማክሸፍ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆሞ ተናገረ። ሕጉ ግን አለፈ። በ1964 ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ዞረ። እስከ ጃንዋሪ 2003 ድረስ፣ መቶ ዓመት እስኪሞላው፣ ሴናተር ነበር። ብራውንም ቢሆን አልወደቀም። በግዛቱ ሴኔት እስከ 1972 ቆየ።

አንድ ማስተካከያ። አንዳንድ ሰው ተርመንድን «በራይት-ኢን የተመረጠ የመጀመሪያው ሴናተር» ይለዋል። በ1946 በካሊፎርኒያ ዊልያም ኖውላንድ ለአጭር ጊዜ ወንበር በዚህ መንገድ ተመርጧል። ያኔ ግን በወረቀቱ ላይ የማንም ስም አልታተመም ነበር፤ ሁሉም መጻፍ ነበረበት። የታተመ ዕጩን በእርሳስ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሴናተር ተርመንድ ነው። ሁለተኛዋ በ2010 የአላስካዋ ሊሳ መርካውስኪ ናት። እሷም በፕራይመሪ ከተሸነፈች በኋላ ነው ያሸነፈችው።

የጥቁሮቹ በር በሰፊው የተከፈተው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። ደቡብ ካሮላይና ሕጉን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ1966 ተሸነፈች። ጥቁሮች በብዛት ዴሞክራት ሆኑ፤ ነጮቹ ደግሞ የተርመንድን መንገድ ተከትለው ሪፐብሊካን ሆኑ። ዛሬ ግዛቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው። ስለዚህ በብዙ ወረዳ ወሳኙ ምርጫ አሁንም ፕራይመሪው ነው፤ የፓርቲው ስም ብቻ ነው የተቀየረው። በ2010 ቻርለስተንን በሚያካትተው የኮንግረስ ወረዳ የሪፐብሊካኖች ፕራይመሪ ለሁለተኛ ዙር ቀረበ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የስትሮም ተርመንድ ልጅ ፖል ተርመንድ ነው። ሌላው ቲም ስኮት የሚባል ጥቁር ፖለቲከኛ ነው። ስኮት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በ2013 ሴናተር ሆነ። የያዘው ወንበር በ1945 ኦሊን ጆንስተን የገቡበት ወንበር ነው።

እርስዎም ባሉበት ግዛት ፕራይመሪው መቼ እንደሆነና ለመምረጥ በፓርቲ መመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ከወዲሁ ያጣሩ። ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በደቡብ ካሮላይና መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ የየትኛውን ፓርቲ ፕራይመሪ እንደሚመርጥ በዕለቱ ይወስናል። ራይት-ኢንም ቢሆን በየግዛቱ የተለየ ነው። አንዳንዱ ግዛት ዕጩው አስቀድሞ ካልተመዘገበ የተጻፈለትን ድምፅ አይቆጥርም፤ አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አይፈቅድም።